አዲስ ፍላግሺፕ ስልክ፦ የመጀመሪያው ቀን ምን ያሳያል፣ ምን ይደብቃል?

የሳምሰንግ ፍላግሺፕ (የኩባንያው ቁንጮ ስልክ) የነበረው ጋላክሲ ኖት 7 በኦገስት 2016 ሲወጣ ያላወደሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስክሪኑ ግራና ቀኝ ጎብጦ ወደ ጠርዙ ይወርዳል። ውሃ አይፈራም። በዓይን ብሌን ይከፈታል። እጅ ላይ ሲይዙት ደግሞ ከመጠኑ ያነሰ ይመስላል። ቀድመው ያገኙት ገምጋሚዎች ይህንን ሁሉ ጻፉ። የጻፉትም ልክ ነበር።

ስልኩ ኦገስት 19 ገበያ ላይ ዋለ። ሴፕቴምበር 2 ላይ ሳምሰንግ ሽያጩን አቁሞ የሸጣቸውን መሰብሰብ ጀመረ። ስልኩ እሳት እየያዘ ነበር። በምትኩ የተሰጡትም መቃጠል ሲጀምሩ በኦክቶበር ምርቱ ጭራሽ ቆመ። በጃንዋሪ 2017 ኩባንያው የምርመራውን ውጤት ይፋ አደረገ። ጥፋቱ የባትሪው ነበር። ባትሪዎቹ የመጡት ከሁለት አቅራቢዎች ነው፤ ጉድለታቸውም ለየቅል ነው። የአንደኛው ጥግ በመያዣው ተጨፍልቋል። የሌላው ደግሞ ብየዳው ላይ ሹል ትርፍ ቀርቶበታል። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ተለያይተው መኖር ያለባቸው የባትሪው ክፍሎች ተነካኩ።

ይህንን በመጀመሪያው ሳምንት ማን ሊያውቅ ይችላል? ማንም። ስልኩን የያዘ ሰው የሚያየው ስክሪኑን ነው። ስክሪኑ ደግሞ በእርግጥም ያምር ነበር።

ይህን ያነሳሁት የመጀመሪያ ቀን ግምገማ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን ካላየናቸው በኋላ ፈጽሞ የማናያቸው ነገሮች አሉ። ወራት ካልጠበቅን የማናያቸውም አሉ። ብዙ ሰው ቁንጮ ስልክ ገዝቶ የሚቆጨው እነዚህን ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ይመስለኛል። ሲውል ሲያድር የሚታወቀውን ገና ካርቶኑ ሲከፈት ይፈርድበታል። ያን ቀን ብቻ የሚታየውን ደግሞ "እለምደዋለሁ" ብሎ ያልፈዋል።

ከምን ጋር ነው የምናወዳድረው?

አዲስ ስልክ ሲከፈት ሁሉ ነገር ይፈጥናል። አፑ እንደተነካ ይከፈታል። ስክሮል ሲያደርጉ ጽሑፉ ጣትን ተከትሎ ይፈስሳል። ግን ከምን ጋር እያወዳደርነው ነው? ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት ስልካችን ጋር ነዋ። የእሱ ስቶሬጅ ጢም ብሎ ሞልቷል። በዓመታት የተጠራቀሙ አፖች ከጀርባ ይሠራሉ። ባትሪውም ደክሟል።

የደከመ ባትሪ ጉዳቱ ቶሎ ማለቁ ብቻ አይደለም። ባትሪ ሲያረጅ ብዙ ኃይል በአንዴ አውጥቶ መስጠት ይከብደዋል። ፕሮሰሰሩ ድንገት ሲጠይቀው ቮልቴጁ ያሽቆለቁላል። ስልኩም ድርግም ይላል። አፕል ይህን ለመከላከል በ2017 መጀመሪያ፣ በአይኦኤስ (የአይፎን ሶፍትዌር) 10.2.1፣ ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን ፍጥነት መቀነስ ጀመረ። ለባለቤቶቹ ግን በግልጽ አልነገራቸውም። ነገሩ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሲወጣ ትልቅ ቁጣ ተነሳ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ቀነሰ። ስልካቸው አርጅቷል ብለው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች፣ ባትሪ ብቻ ቀይረው ፍጥነቱ ሲመለስ ያዩት ያኔ ነው።

ስለዚህ አዲሱን ስልክ ይዘን "ምን ያህል ይፈጥናል!" ስንል፣ የምንለካው የአሮጌውን ድካም ጭምር ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው። የአሮጌው ስልክ ባትሪ ቢቀየርና ስቶሬጁ ግማሽ በግማሽ ቢለቀቅ፣ ልዩነቱ ምን ያህል ይቀራል? ለብዙ ሰው የሚቀረው ልዩነት የካሜራና የስክሪን ነው። ለመልእክት፣ ለካርታና ለቪዲዮ የአራት ዓመት ቁንጮ ስልክ ዛሬም በቂ ጉልበት አለው።

ስልኩ ከመሸጡ በፊት የምናየውም ቢሆን ሰሪው በመረጠው ብርሃን ነው። በሴፕቴምበር 2012 ኖኪያ ሉሚያ 920ን ሲያስተዋውቅ፣ ብስክሌት እየነዳች የምትስቅ ሴት የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ቪዲዮው የስልኩን የምስል ማረጋጊያ ለማሳየት ነበር። ምስሉ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። ኋላ ግን ተመልካቾች አንድ መስኮት ላይ ያረፈ ነጸብራቅ አስተዋሉ። በነጸብራቁ ውስጥ አንድ መኪና አለ። በመኪናው ውስጥ ደግሞ ትልቅ ካሜራ የያዘ ሰው። ቪዲዮው በስልኩ አልተቀረጸም። ኖኪያ ይቅርታ ጠየቀ። የሚያሳዝነው፣ ስልኩ በእርግጥም ጥሩ ማረጋጊያ ነበረው። እውነተኛውን ቢያሳዩት ኖሮ ይበቃቸው ነበር።

ተቃራኒውም ይሆናል። ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሲያሳይ ስክሪኑ ፕላስቲክ ይለብስ ነበር። ጁን 29 ለሽያጭ ሲቀርብ ግን መስታወት ሆኖ መጣ። በመድረኩ ላይ ያዩትን ብቻ ይዘው የጻፉ ሰዎች የጻፉት፣ ማንም ስላልገዛው ስልክ ነበር።

እጅ ቶሎ ይለምዳል

አዲስ ጫማ የት ጋ እንደሚቆረቁር የሚታወቀው ገና ሲያደርጉት ነው። ስልክም እንዲሁ ነው። ከሳምንት በኋላ ክብደቱ ይረሳል። የሚወጋው ጠርዝ ይረሳል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲጽፉበት የሚያወዛውዘው የካሜራ ጉብታም ይረሳል። ችግሮቹ ግን አልጠፉም። እኛ ነን ማየት ያቆምነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሰዓት ውድ ናት። ያማረራችሁን ሁሉ ያኔውኑ ጻፉት።

አንድ ነገር ሞክሩ። ስልኩን በአንድ እጅ ያዙት። ሌላውን እጃችሁን ኪስ ክተቱት። አሁን በአውራ ጣታችሁ ብቻ በተቃራኒው በኩል ከላይ ጥግ ያለውን ነገር ለመንካት ሞክሩ። በትልልቆቹ ቁንጮ ስልኮች ላይ አይደረስበትም። ስልኩን መዳፋችሁ ውስጥ ወደ ታች ማንሸራተት ይኖርባችኋል። በዚያች ቅጽበት ያን ሁሉ ክብደት ከሥር የደገፈችው ትንሿ ጣት ብቻ ናት። ስልክ ከእጅ የሚያመልጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ይህንን የትኛውም የዝርዝር ሠንጠረዥ አይነግራችሁም።

ክብደት በወረቀት ላይ ሲነበብ ምንም አይመስልም። አይፎን 14 ፕሮ 206 ግራም ነበር። 15 ፕሮ ከብረት ወደ ታይታኒየም ሲቀየር 187 ሆነ። ልዩነቱ 19 ግራም ነው። ሁለቱን ተራ በተራ ያነሳ ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። ጋላክሲ ኤስ24 አልትራ 232 ግራም ነበር፤ ኤስ25 አልትራ 218 ነው። እዚህም ያው ነው። ተኝቶ ከፊቱ ላይ ይዞ ለሚያነብ ሰው 14 ግራም ትልቅ እረፍት ነው።

ቅጥነት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ቀን ልብ ለመስረቅ ተብሎ የሚሠራ ነገር ካለ ቅጥነት ነው። በ2025 ሳምሰንግ 5.8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ኤስ25 ኤጅን፣ አፕል ደግሞ 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነውን አይፎን ኤርን አወጡ። ሁለቱም እጅ ላይ ሲቀመጡ ያስደንቃሉ። ዋጋው ግን ተከፍሏል። ኤስ25 ፕላስ 4,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ አለው። ተመሳሳይ የስክሪን ስፋት ያለው ኤጅ ያለው 3,900 ነው። አይፎን ኤር ከኋላ ያለው ካሜራ አንድ ብቻ ነው። ቅጥነቱን በሁለተኛው ሳምንት ለምደነው እንረሳዋለን። የቀነሰውን ባትሪ ግን በየቀኑ አመሻሽ ላይ እናስታውሰዋለን። ለእኔ ይህ ጥሩ ልውውጥ አይደለም።

ስክሪን ላይም አንድ ነገር አለ። በዛሬ ቁንጮ ስልኮች ላይ የሚገኙት ኦሌድ የሚባሉት ስክሪኖች ብርሃናቸው ሲቀነስ ብዙዎቹ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ እየበሩና እየጠፉ ነው የሚደበዝዙት። ብዙ ሰው አያስተውለውም። የዓይን ድካምና ራስ ምታት የሚያመጣባቸው ሰዎች ግን አሉ። ከእነዚህ አንዱ መሆን አለመሆናችሁን በመጀመሪያው ምሽት ማወቅ ይቻላል። ክፍሉን አጨልማችሁ፣ ብርሃኑን ዝቅ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አንብቡበት። የተቀረው የስክሪን ወሬ ብዙም አያስጨንቅ። 2,000 ወይም 3,000 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) የሚሉት ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ የስክሪኑ የተወሰነ ክፍል በጠራራ ፀሐይ ለአጭር ጊዜ የሚደርስበት ጫፍ ናቸው። ቁንጮ ስልክ ሆኖ ስክሪኑ መጥፎ የሆነ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል።

የብዙ ሰው እጅ ከላቦራቶሪ እንደሚበልጥ ያሳየው አይፎን 4 ነው። በጁን 2010 ሲወጣ አንቴናው በጠርዙ ዙሪያ ባለው የብረት ቀለበት ላይ ነበር። በግራ በኩል ከታች ትንሽ ክፍተት አለች። መዳፍ ክፍተቷን ሲሸፍናት ኔትወርኩ ይወርዳል። ይህን ያገኙት ስልኩን እንደ ወትሯቸው የያዙ ተራ ገዢዎች ናቸው፤ ያገኙትም ወዲያው ነው። አፕል ጁላይ 16 ጋዜጠኞችን ጠርቶ ለገዢዎቹ በነጻ ከቨር እንደሚሰጥ አስታወቀ።

በኤፕሪል 2019 ደግሞ ጋላክሲ ፎልድ ለገምጋሚዎች በተሰጠ በቀናት ውስጥ የአንዳንዶቹ ስክሪን ተበላሸ። ከፊሎቹ ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ከፋብሪካ የመጣ መከላከያ ላስቲክ መስሏቸው ላጡት። ሽፋኑ የስክሪኑ አካል ነበር። የሌሎቹ ደግሞ ሳይነኩት ተበላሸ። ሳምሰንግ ሽያጩን ወደ ሴፕቴምበር አራዝሞ ሽፋኑን ጠርዙ ሥር ቀበረው፤ ማጠፊያውንም አጠናከረ። እነዚያ ጥቂት ገምጋሚዎች ብዙ ሰው ገንዘቡን እንዳያጣ አድርገዋል። የመጀመሪያ ቀን ግምገማ ክብሩ እዚህ ላይ ነው።

ካሜራው

ካሜራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆም አለብን። ፍላግሺፕ የሚሸጠው በካሜራው ነውና።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በ2023 የወጣው ኤስ23 አልትራ 200 ሜጋፒክስል ካሜራ አለው። ዝም ብላችሁ ፎቶ ስታነሱ ግን የሚወጣው 12 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። 16 ጎረቤት ፒክስሎች (ብርሃን የሚሰበስቡ ነጥቦች) ተደምረው እንደ አንድ ትልቅ ፒክስል ይሠራሉ። ይህ ማታለል አይደለም። እጅግ ትናንሽ ፒክስሎች ለየብቻቸው የሚሰበስቡት ብርሃን ትንሽ ነው፤ ሲደመሩ ግን ጨለማ ውስጥ ንጹሕ ምስል ይሰጣሉ። 200ውን ሙሉ መጠቀም ትርጉም የሚኖረው በደማቅ ብርሃን፣ ኋላ ቆርጦ ለማጉላት ሲፈለግ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን አይታችሁ ካሜራው አሥር እጥፍ ይበልጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ምን ያነሳል? አበባ፣ ሰማይ፣ የሚያምር ሕንጻ። እነዚህ ባለፉት ዓመታት የወጣ ደህና ስልክ ሁሉ የሚያልፋቸው ፈተናዎች ናቸው። ከባዶቹን ስጡት።

አንድ ገጽ ጽሑፍ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ከቅርብ አንሱ። ከዚያ አጉሉት። የመካከለኛው መስመር ፊደሎች ቁልጭ ብለዋል። ወደ ጥጎቹ ስትሄዱ ግን ይሟሟሉ። ይህ የሚሆነው የዘመኑ ቁንጮ ስልኮች ሴንሰር፣ ማለትም ከሌንሱ ጀርባ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ትልቅ ስለሆነ ነው። ትልቅ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። በዚያው ልክ ግን ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ይጠባል። ሌንሱም ከቅርብ ማተኮር ያቅተዋል። በአንዳንዶቹ ዋናው ካሜራ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ሲቀርቡት ይደበዝዛል። ስለዚህ ስልኩ በራሱ ወደ ሰፊው ሌንስ ይዘላል። ምስሉ ድንገት ንቅንቅ ሲል ታያላችሁ። በ2021 አይፎን 13 ፕሮ ይህን ሲጀምር ሰው ስላማረረ፣ አፕል በአይኦኤስ 15.1 ማጥፊያ ጨመረበት። ደረሰኝና ሰነድ በየቀኑ የሚያነሳ ሰው ጨረቃን በዙም ከማንሳት ይልቅ ይህን ቢፈትሽ ይጠቀማል።

ቀጥሎ የሚንቀሳቀስ ልጅ። ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን። ስልክ በደካማ ብርሃን አንድ ፎቶ አያነሳም። ብዙ ምስሎችን በተከታታይ ወስዶ ያዋሕዳቸዋል። ቁጭ ያለ ሰው ሲሆን ውጤቱ ድንቅ ነው። ልጁ እጁን ሲያወዛውዝ ግን እጁ ጭስ ይሆናል። አሥር ጊዜ አንሱት። እኔ ካሜራን የምመዝነው ከአሥሩ ስንቱ ተረፈ በሚለው ነው። ልጅ ሲስቅ "እንደገና ሳቅ" አይባልም።

ሦስተኛው የሰው ቆዳ ነው። ይህን ጉዳይ ገምጋሚዎች እንዲህ ቶሎ ቶሎ ሲያልፉት ያናድደኛል። ካሜራዎች ለረጅም ዘመን የተስተካከሉት ነጣ ያለ ቆዳን መነሻ አድርገው ነው። ስለዚህ ጠይምና ጥቁር ፊት አንዴ አመድ ይመስላል፣ አንዴ ያለቅጥ ይነጣል፣ አንዴ ዝርዝሩ ጠፍቶ ጥላ ይሆናል። ጉግል በ2021 ከስልኩ ከፒክስል 6 ጋር ሪል ቶን ያለውን ሥራ ሲያወጣ፣ ጉዳዩ የምርት ጥራት ጉዳይ መሆኑን በይፋ ተቀበለ። ሌሎቹም ተሻሽለዋል፤ እኩል ግን አይደሉም። መልኩ የተለያየ ሁለት ሰው መስኮት አጠገብ ጎን ለጎን አቁሙና አንሷቸው። ሁለቱም ራሳቸውን የሚመስሉበት ካሜራ ጥሩ ካሜራ ነው። አንዱን አሳምሮ ሌላውን የሚቀይር ከሆነ፣ የሜጋፒክስሉ ቁጥር ለዚያ ሰው ምንም አይፈይደውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶ አንስታችሁ ወዲያው ክፈቱት። በብዙ ስልኮች ላይ ከአፍታ በኋላ ምስሉ ዓይናችሁ እያየ ይቀየራል። ጥላው ይፈካል፣ ሰማዩ ይበልጥ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጠርዞቹ ይስላሉ። ከካሜራው የመጣውንና ከሶፍትዌሩ የመጣውን ጎን ለጎን የምታዩት ያኔ ነው። በ2023 የሳምሰንግ ጨረቃ ፎቶዎች ያስነሱት ክርክር የዚሁ ጥግ ነበር። አንድ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አድርጎ ከርቀት አነሳው። ስልኩ በምስሉ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ጨመረበት። ሳምሰንግም ስልኩ ጨረቃን ለይቶ ዝርዝሩን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያጎላ አስረዳ። ለጨረቃ ይሁን። ጨረቃ ሁሌም ያንኑ ገጽ ነው የምታሳየን። ለሰው ፊት ግን ያልነበረ ነገር እንዲጨመርበት አልፈልግም።

ሙቀትና የሚያብረቀርቁ ቁጥሮች

የፍጥነት መለኪያ አፖች ውጤት በመጀመሪያው ቀን በየቦታው ይለጠፋል። በማርች 2022 ጊክቤንች የተባለው መለኪያ የጋላክሲ ኤስ22ን፣ ኤስ21ን፣ ኤስ20ንና ኤስ10ን ከሰንጠረዡ አወጣ። ስልኮቹ ላይ ያለ አንድ የሳምሰንግ አገልግሎት የጌሞችንና የሌሎች አፖችን ፍጥነት ይገድብ ነበር። መለኪያ አፖቹን ግን አይነካም። ስለዚህ የተለካው ፍጥነትና ሰው የሚያገኘው ፍጥነት ተለያዩ። ሳምሰንግ ኋላ ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ የሚያስችል አፕዴት ሰጠ።

መጀመሪያውኑ ለምን ይገድባል? ስለሚግል ነው። አብዛኛው ስልክ አየር የሚነፋለት ነገር የለውም። ቺፑ በሙሉ ኃይል የሚሮጠው ሙቀቱ እስኪጠራቀም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስክሪኑንም ያደበዝዛል። ለዚህ ነው አንዳንድ አምራቾች ስስ የእንፋሎት ክፍል የሚያስገቡት። በውስጡ ያለች ጥቂት ፈሳሽ ቺፑ ጋ ትተናለች፣ ሙቀቱን ይዛ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ትሄዳለች፣ እዚያ ተመልሳ ፈሳሽ ትሆናለች። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ይህን ለዓመታት ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። አፕል ያስገባው በ2025፣ በአይፎን 17 ፕሮ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ ቅረጹ። ወይም ካርታ ከፍታችሁ፣ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ፣ ፀሐይ ላይ ሂዱ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሁሉም ቁንጮ ስልክ ጀግና ነው።

ግን ቶሎ አትፍረዱ። አዲስ ስልክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጀርባ ብዙ ሥራ አለበት። አፖችን ያወርዳል፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያገላብጣል፣ ፊቶችን ይለያል። በሴፕቴምበር 2023 አይፎን 15 ፕሮ ሲግል ብዙ ሰው ጣቱን ታይታኒየሙ ላይ ቀሰረ። አፕል ግን ምክንያቱን የአይኦኤስ 17 ስህተት፣ የአንዳንድ አፖች ችግርና ይኸው የመጀመሪያ ቀናት ሥራ ነው አለ። በ17.0.3 አፕዴትም አስተካከለው። የባትሪ ቆይታም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቶሎ ያለቀ ባትሪ በሁለተኛው ሳምንት ሊሻለው ይችላል። ደግሞ ስልኩን ከእጅ ሳንለይ ስንነካካው ስለምንውል፣ ያን ቀን የእኛ አጠቃቀም ራሱ ጤነኛ አይደለም።

ዓመታት የሚያሳዩት

ኤስ20 አልትራ በ2020 ሲወጣ ባትሪው 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነበር። የ2025ቱ ኤስ25 አልትራም 5,000 ነው። የቆይታው ልዩነት የመጣው ከቺፑና ከስክሪኑ ቁጠባ ነው። በካርቶኑ ላይ ያለው የባትሪ ቁጥር ብቻውን የሚነግረን ነገር ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው።

የሚበልጠው ቁጥር ሌላ ነው፤ ባትሪው ስንት ሙሉ ዙር ቻርጅ ይችላል የሚለው። አፕል እስከ አይፎን 14 ላሉት ስልኮች ባትሪው ከ500 ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል ይላል። ከ15 ጀምሮ 1,000 ዙር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በገበያው ላይ የሚቀርብ ስልክ ሁሉ ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲይዝ ሕግ አውጥቷል። የመለዋወጫ ዕቃዎችም ሽያጩ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት እንዲገኙ ያስገድዳል። እነዚህን በመጀመሪያ ቀን ቪዲዮ ውስጥ የሚያነሳቸው ጥቂት ሰው ነው። ስልኩን አራት ዓመት ለሚይዝ ሰው ግን ከካሜራው ጉብታ ቅርጽ በላይ ያገባዋል።

ገና ያልመጣ ነገርም እየተሸጠ ነው። አይፎን 16 በሴፕቴምበር 2024 ሲወጣ ለአፕል ኢንተለጀንስ (ለአፕል የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶች) የተሠራ ስልክ ተብሎ ነው የተዋወቀው። ካርቶኑ ሲከፈት ግን አፕል ኢንተለጀንስ ውስጡ አልነበረም። የመጀመሪያው ክፍል የመጣው ኦክቶበር 28 ነው። በጣም የተወራለት፣ የባለቤቱን ጉዳይ የሚያውቀው አዲሱ ሲሪ (በድምፅ የሚታዘዘው የአይፎን ረዳት) ደግሞ በማርች 2025 እንደሚዘገይ ተነገረ። ጋላክሲ ኤስ24ም የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶቹ በነጻ የሚሰጡት እስከ 2025 መጨረሻ ነው የሚል ማስታወሻ ይዞ ነበር የወጣው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። እኔ ስልክን የምገመግመው ዛሬ በሚሠራው ነው። ነገ የሚመጣው ነገ ሲመጣ ይጨመርለታል።

ከተስፋዎቹ ሁሉ የምቀበለው አንዱን ነው፤ በቁጥር የተጻፈውን የአፕዴት ዘመን። ጉግል በኦክቶበር 2023 ለፒክስል 8 የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገባ። ሳምሰንግ በጃንዋሪ 2024 ለኤስ24 ይህንኑ አደረገ። ግን ዘመኑ የሚቆጠረው ስልኩ ገበያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ የገዛ ሰው የሚቀረው 5 ነው።

ይህ ስሌት ግን ለገዢው ጥሩ በር ይከፍታል። 7 ዓመት ቃል የተገባለት ያለፈው ዓመት ቁንጮ ስልክ ገና 6 ዓመት ገደማ አፕዴት ይቀረዋል። ድብቅ ችግር ከነበረውም እስካሁን ወጥቷል፤ ወይ በአፕዴት ተስተካክሏል፣ ወይ ሰው ሁሉ አውቆታል። የመጀመሪያው ቀን የደበቀውን ሌሎች ሰዎች ዓመት ሙሉ ፈትነውልናል። ለእጃችን የሚቀረው ክብደቱን፣ ጠርዙንና ስክሪኑን መሞከር ብቻ ነው። በሰው እጅ የቆየ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ማየት ይቻላል። ከአይፎን 15 ጀምሮ ስልኩ ራሱ ሴቲንግ ውስጥ የተመረተበትን ጊዜ፣ መጀመሪያ ሥራ የጀመረበትን ጊዜና ስንት ዙር ቻርጅ እንደተደረገ ያሳያል። 200 ዙር የሚል ካያችሁ፣ ለ1,000 ዙር ከተሠራው ባትሪ ገና አንድ አምስተኛው ነው የሄደው።